ባህር የሌላት አዳማ ውስጥ የወሰድኩት የባህር ስልጠና፦ ከ10 ስንት?

አዳማ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተሰጠ ስልጠና ወስጄ መጣሁ። ርዕሱ «የባህር ደህንነትና የአካባቢ ድርጅቶች ትብብር» ይላል። የተዘጋጀው ለትራንዚተር፣ ለአስመጪና ለሎጂስቲክስ ሰራተኛ ነው። ክፍያው 3,800 ብር ነው። ምሳ፣ የጠዋትና የከሰዓት ሻይ፣ አንድ ፎልደርና ሰርተፍኬት አለው። የስራ ጓደኞቼ «ያዋጣል ወይ?» እያሉ ስልኬን ስላጨናነቁት አንዴ ጽፌ ልገላገል።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። እኔ እዚሁ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ አለኝ። ስራዬ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን መሙላትና ሞጆ ደረቅ ወደብ መመላለስ ነው። መርከብ አይቼ የማውቀው ጅቡቲ በሄድኩባቸው ሁለት ቀናት ብቻ ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ አንዲት ደንበኛዬ ከቱርክ የዳቦ መጋገሪያ ኦቨን አዘዙ። እትዬ ነው የምላቸው። እቃው በስዊዝ ካናል አልፎ፣ ቀይ ባህርን ወርዶ ጅቡቲ መግባት ነበረበት። አንድ ቀን ጠዋት ከመርከብ ድርጅቱ አጭር ኢሜይል መጣ፦ ቀይ ባህር ላይ መርከቦች እየተመቱ ስለሆነ መርከቡ በደቡብ አፍሪካ ዞሮ ይመጣል፤ ተጨማሪ ክፍያም አለው።

ደውዬ ነገርኳቸው። እትዬ ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ቱርክንና ደቡብ አፍሪካን ምን አገናኛቸው?» አሉኝ። በማግስቱ ቢሮ መጡ። ካርታ ዘርግቼ በጣቴ አሳየኋቸው። ከቱርክ ወጥቶ በጅብራልታር፣ ከዚያ ምዕራብ አፍሪካን ታኮ ወደ ታች፣ ኬፕን ዞሮ ወደ ላይ፣ ሞዛምቢክ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲ። ጣቴ ራሱ ደከመው። ከቻይና የሚመጣው እቃ የቀይ ባህርን ደቡባዊ በር፣ ባብ ኤል መንደብን፣ ሳይሻገር ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከቱርክና ከአውሮፓ የሚመጣው ግን ሌላ በር የለውም። እትዬ ካርታውን ሲያዩ ቆዩና «ታዲያ ባህሩ ዘበኛ የለውም እንዴ? የኛ ሰፈር እንኳ አለው» አሉ። መልስ አልነበረኝም። 3,800 ብሩን የከፈልኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህች ጥያቄ ነው።

አዳራሹን በአጭሩ ልለፈው። ይሞቃል። የአዳማ ሙቀት ላይ አርባ ሰው ጨምሩበት። አየር ማቀዝቀዣው የሚሰራው በድምፅ ብቻ ነበር። መስኮት አጠገብ ያልተቀመጠ ሰው አልቆለታል። ፎልደሩ ውስጥ ያለው ካርታ ፎቶኮፒው ላይ ስለተቆረጠ ጅቡቲ ጋ ያበቃል። ስለ ባህር በሚሰጥ ስልጠና ካርታው ባህሩ ላይ ሲያልቅ! መክፈቻ ንግግር ያደረጉት ሰውዬም «ድር ቢያብር» ብለው ጀመሩ፤ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። አጠገቤ የነበረው ወጣት ስልኩን ሲያወጣ እኔም አወጣሁ።

ከዚያ ካፒቴን መጡ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኛም ስንጠራቸው «ካፒቴን» ብቻ ነበር። ጡረታ የወጡ የንግድ መርከብ ሰው ናቸው። ፕሮጀክተሩን አልነኩትም። በ2003 ዓ.ም. የኤደን ባህረ ሰላጤን እንዴት እንዳቋረጡ በማውራት ጀመሩ። የመርከቡ ዳር ዳር በእሾሃማ ሽቦ ይታጠራል። የእሳት ማጥፊያው የውሃ ቱቦ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይጠመዳል፤ መሰላል ይዞ የሚመጣ ካለ እንዲረጨው። ፍጥነት ይጨመራል። እንቅልፍ የለም። ሰራተኛው በሙሉ የሚሸሸግበት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ይዘጋጃል። «እኔ ፈሪ አይደለሁም፣ ግን ያኔ በየአስር ደቂቃው የሩቅ ማያ መነጽር አነሳ ነበር» አሉ። የዓለም አቀፉ የባህር ቢሮ የመዘገበውን የጥቃት ቁጥር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሶማሊያ ወንበዴዎች የፈጸሙትና የሞከሩት ጥቃት 237። በ2012፣ 75። በ2013፣ 15። ጠመኔውን አስቀምጠው «ምን ተገኘ?» ብለው ጠየቁ።

አንዱ «የጦር መርከብ» አለ። ልክ ነው። የአውሮፓ ህብረት አታላንታ የተባለውን ዘመቻ እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2008 ጀመረ። በአሜሪካ የሚመራው ጥምረትም በጥር 2009 ለውንብድና ብቻ የተመደበ ግብረ ኃይል አቋቋመ። የታጠቁ ጠባቂዎች መርከብ ላይ መውጣት ጀመሩ። ካፒቴን ሁሉንም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡና «እንግዳ ዘበኛ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ሌላ ነው፤ ሲሰለቸው ይሄዳል። የሰፈሩ ሰውስ ምን አደረገ?» አሉ። እትዬን አስታወሱኝ።

የሰፈሩ ሰው ያደረገው ነገር የተፈረመው ጥር 21 ቀን 2001 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ነው። የአስተርእዮ ማርያም ዕለት። በፈረንጆች አቆጣጠር ጥር 29 ቀን 2009። ስሙ የጅቡቲ የስነ ምግባር ደንብ ነው፤ የባህር ውንብድናን በጋራ ለመከላከል የተደረገ ስምምነት፤ ሰዎቹን የሰበሰበው የተባበሩት መንግስታት የባህር ድርጅት፣ አይኤምኦ። በዚያ ቀን የፈረሙት ዘጠኝ ናቸው፦ ጅቡቲ፣ ኬንያ፣ ማዳጋስካር፣ ማልዲቭስ፣ ሲሸልስ፣ ሶማሊያ፣ ታንዛኒያ፣ የመን እና... ካፒቴን ዘጠነኛውን ሳይጽፉ ወደኛ ዞሩ። ግብጽ ተባለ። ሳውዲ ተባለ። «ኢትዮጵያ!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። አስራ አንድ ዓመት በዚህ ስራ ላይ ቆይቼ ይህን አላውቅም ነበር። የባህር ዳርቻ የሌላት አገር ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች መካከል ናት። ሲታሰብ ግን አይገርምም። ባህር ባይኖረንም ባህሩ ላይ እቃ አለን።

ደንቡ አስገዳጅ አይደለም። ያልፈጸመ አይከሰስም። እኔ ይህን ስሰማ ወዲያው ናቅኩት። ካፒቴን ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ «እድር አላችሁ?» አሉ። አለን። «ለቀብር ያልመጣ ፍርድ ቤት ይቆማል?» አይቆምም። ስሙ ይጠራል፣ ይቀጣል፣ በሚቀጥለው ሲሞትበት ሰው ያይበታል። አስገዳጅ ይሁን ቢባል ኖሮ ግማሹ አገር ሳይፈርም ይቀር ነበር፤ ማንም በውሃው ላይ ሌላ እንዲያዝበት አይፈልግም። ስለዚህ በትንሹ ተጀመረ። እያንዳንዱ አገር አንድ ተጠሪ ይሰይም። ያየውን ይናገር። መረጃው በሶስት ማዕከሎች ይሰብሰብ፦ ሰንዓ፣ ሞምባሳ፣ ዳሬሰላም። ማሰልጠኛው ጅቡቲ ይሁን። ልብ በሉ፣ ለየአካባቢው አንዳንድ ነገር ደረሰው። ድንኳኑ አንዱ ጋ፣ ድስቱ ሌላው ጋ እንደሚቀመጠው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጅዳ ላይ ደንቡ ሰፋ፤ ህገወጥ አሳ ማጥመድ፣ የሰውና የመሳሪያ ዝውውር ተጨመሩበት። ከዚያ በፊት ግን የመን ጦርነት ውስጥ ገብታ ነበር። ከሶስቱ ማዕከሎች አንዱ ያለበትን ከተማ ከላይ ተመልከቱ።

የቅዳሜ ከሰዓቱ ክፍል ስለ ድርጅቶቹ ነበር፤ የሰጠውም ሌላ አሰልጣኝ ነው። ስላይድ በስላይድ ላይ። ቢሆንም አንድ ነገር ያዝኩለት። በአውሮፓ ህብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በተሰራ ፕሮግራም ላይ አራት ድርጅቶች ስራ ተካፍለዋል። ኢጋድ የብስ ላይ ሶማሊያ ውስጥ፤ ወንበዴ የሚወጣው ከየብስ ነውና። የምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ ህግና ፍርድ ቤት። የምስራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያው ኮሜሳ ገንዘቡን፣ ማለትም የቤዛው ብር የት እንደሚታጠብ መከታተል። የህንድ ውቅያኖስ ኮሚሽን ደግሞ ባህሩን ማየት፤ ማዳጋስካር ላይ መረጃ የሚያጣምር ማዕከል፣ ሲሸልስ ላይ ስምሪት የሚያስተባብር። ከአራቱ ውስጥ አንድ ድርጅት ብቻውን ሁሉን ልያዝ ቢል ኖሮ እስካሁን ስብሰባ ላይ በሆነ ነበር። አሰልጣኙ ይህን በአስር ደቂቃ ተናግሮ ሃምሳ ደቂቃ ምህጻረ ቃል ሲተረጉም ዋለ። ሁለት ሰው ተኛ። አንዱ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው። እሁድ ጠዋት ጠረጴዛዎቹ ተለያይተው ተቀመጡ። እያንዳንዱ ላይ የአገር ስም የተጻፈበት ካርቶን አለ፦ ጅቡቲ፣ የመን፣ ኬንያ፣ ሲሸልስ፣ ማዳጋስካር፣ ኢትዮጵያ። የኔ ጠረጴዛ ኢትዮጵያ ሆነ፤ «እኛ እንግዲህ ሻይ እናፍላ» ተባባልን። ካፒቴን ለየጠረጴዛው አንድ ካርድ ሰጡ። ሁለት ፈጣን ጀልባዎች ወደ አንድ የማዳበሪያ መርከብ እየቀረቡ ነው ይላል። ሰዓት 03:40። ይኸው ነው። «መርከቡ የት ሊደርስ እንደሚችል አስሉና ለሚመለከተው ደውሉ። ሃያ አምስት ደቂቃ አላችሁ።»

ሃያ አምስቱ ደቂቃ ማዕረግ ያለው ትርምስ ነበር። የኛ ጠረጴዛ 3:40ን እንዳነበበው ጠዋት ሶስት ሰዓት ከአርባ አደረገው። ምን ያድርግ፣ አበሻ ነው። ጅቡቲዎች ከንጋቱ በፊት ያለውን፣ እኛ ሌሊት 9:40 የምንለውን ወሰዱ። ሲሸልስ ጠረጴዛ ላይ የነበረው የኮምፒውተር ልጅ ደግሞ የመርከብ ሰዓት የግሪንዊች ነው ብሎ ሶስት ሰዓት ደመረበት። የመን ቀድሞ ለኬንያ ደወለ፤ የኬንያ ተጠሪ ተብሎ የተሰየመው ሰውዬ ግን ቡና ሊያመጣ ወጥቷል፣ ስልኩም ወንበሩ ላይ ይጮሃል። ማዳጋስካር መልእክት ጻፈ፤ ለማን እንደሚልከው ሲጨቃጨቅ ጊዜው አለቀ።

ካፒቴን ስሌታችንን ሰሌዳው ላይ አሰለፉት። በኛና በጅቡቲ መካከል ስድስት ሰዓት አለ። መርከቡ በሰዓት 14 የባህር ማይል ቢሄድ 84 የባህር ማይል ነው፤ ወደ 155 ኪሎሜትር። ከአዳማ አዲስ አበባ ደርሶ የመንገዱን ግማሽ እንደመመለስ። «የጦር መርከብ አልጎደላችሁም። ሰዓት ነው የጎደላችሁ» አሉ። አልሳቁም። እኛም ሳቃችንን ዋጥን።

ቀጥሎ ሁለተኛ ካርድ መጣ፦ አምስት ተጠርጣሪዎች ተይዘዋል፤ የት ይወሰዱ? ጸጥ። የያዛቸው አገር አልፈልግም ይላል፣ የመርከቡ ባለቤት ሌላ፣ ባንዲራው ሌላ፣ ሰራተኛው ሌላ። ጠረጴዛችን ላይ አንዲት ጠበቃ ነበረች፤ ጭንቅላቷን ይዛ «ይሄ እኮ የአንድ ዓመት ቀጠሮ ነው» አለች። በእውነተኛው ታሪክ ኬንያና ሲሸልስ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአውሮፓ ህብረት ጋር ተስማምተው ፍርድ ቤታቸውን ከፈቱ። ብዙ የተያዘ ወንበዴ ግን የሚቀበለው ታጥቶ ተለቋል። ይህን ካርድ ለብቻው 3,800 ብር እከፍልበታለሁ።

ከምሳ በፊት እንደገና ሞከርን። አሁን መጀመሪያ ስልክ ተለዋወጥን፤ ከየጠረጴዛው ሁለት ሰው፣ አንዱ ቢወጣ አንዱ እንዲቀር። ሰዓቱም በአንድ አቆጣጠር ብቻ እንዲጻፍ ተስማማን። አራት ደቂቃ ፈጀብን። ካፒቴን ያን ጊዜ ነው የምዕራብ አፍሪካውን ያወሩት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ያውንዴ ላይ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ደንብ ፈረሙ፤ ባህሩን በፊደል በተሰየሙ ቀጠናዎች ከፋፈሉት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ማክሲመስ የተባለ ነዳጅ ጫኝ ኮትዲቯር አጠገብ ተጠለፈ። ጎረቤት አገሮች አንዱ ለአንዱ እያቀበሉ በዓይን ተከተሉት፤ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን። በመጨረሻ የናይጄሪያ ባህር ኃይል በሳኦ ቶሜ ውሃ ላይ ገብቶ አስለቀቀው፤ ሳኦ ቶሜ ፈቅዳ። ልክ ሹፌር ሹፌርን «ተሳቢዋ አዋሽን አለፈች» እያለ እንደሚቀባበለው።

ምሳው ጥሩ ነበር። በየአይነቱው ሽሮው ላይ አልሰሰቱም። ዳቦው ግን የትናንት ነው፤ እትዬ ቢያዩት ያለቅሱ ነበር።

ቅሬታዬ የእሁድ ከሰዓት ላይ ነው። እኔ የሄድኩት በቀይ ባህሩ ነገር ተነክቼ ነው አላልኳችሁም? እሱ የተሰጠው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር። የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለውን መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው የያዙት ህዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በወራት ውስጥ ማዳበሪያ የጫነው ሩቢማር ተመትቶ ሰጠመ። አሜሪካ አንድ ጥምረት መሰረተች፣ የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አስፒደስ የሚባል ሌላ ዘመቻ ላከ። የሶማሊያ ወንበዴዎችም ግርግሩን አይተው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2023 ሩየን የተባለውን መርከብ ጠለፉ። ከሶስት ወር በኋላ ያስለቀቀው የህንድ ባህር ኃይል ነው። ጥያቄዬን እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ፦ ያ ሁሉ ደንብና ማዕከል የት ነበር? ካፒቴን ሳያድበሰብሱ መለሱ። እድሩ የተቋቋመው መሰላል ይዞ ለሚመጣ ሌባ ነው፣ ሚሳይል ለሚተኩስ አይደለም። መረጃ ማጋራት መርከቡን ያስጠነቅቀዋል፤ ሚሳይል አይመልስም። መልሱ አላስደሰተኝም፣ ግን አልተሸነገልኩም።

ይህ ጥሩ ሊቀጥል ሲል አንዱ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ሪያድ ላይ ስለተመሰረተው የቀይ ባህርና የኤደን ባህረ ሰላጤ አገሮች ምክር ቤት ጠየቀ። አባላቱ ስምንት ናቸው፦ ሳውዲ፣ ግብጽ፣ ዮርዳኖስ፣ ሱዳን፣ የመን፣ ጅቡቲ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያ። ባህር ዳርቻ የሌለው አይገባም። አበቃ! አዳራሹ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ምን እንደሆነ ገምታችኋል። አርባ ደቂቃ። ሁሉም ቆሞ ተናገረ፣ አወያዩም ማይክ ከመስጠት በቀር አላወያየም። ስሜቱ ይገባኛል፤ እኔም ሰው ነኝ። ነገር ግን ጥያቄው ጥሩ ነበርና ባክኖ ቀረ፦ አንዱ ማህበር ዘጠነኛ ፈራሚ አድርጎ ሲያስገባን ሌላው በሩ ላይ ሲያስቀረን፣ ለእቃችን ዋስትና የትኛው ይሻላል? ይህን ነበር መስማት የፈለግኩት።

እንግዲህ ነጥብ ልስጥ። 7 ከ10። ካፒቴንና ካርዶቹ ብቻቸውን 9 ናቸው፤ የቅዳሜ ከሰዓቱ ስላይድ፣ የተቆረጠው ካርታና ያ አርባ ደቂቃ አወረዱት። ለአዲስ ትራንዚተር፣ ለአስመጪ ቤት ሰራተኛና ለኢንሹራንስ ሰው እመክራለሁ። ዲክላራሲዮን አሞላል እማራለሁ ብላችሁ ከሆነ ግን አትሂዱ፣ ስለሱ አንድ ቃል የለም። ስትሄዱ መስኮት አጠገብ ያዙ። ካርታ ከቤታችሁ አምጡ። ሰርተፍኬቱን ሳትፈርሙ በፊት ስማችሁን አንብቡ፤ የኔ አባት ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል።

ለእትዬ ደውዬ ዘበኛ እንዳለው፣ ግን አንዳንዱ ከሰፈር እንዳልሆነ ነገርኳቸው። «ደመወዙን ማን ይከፍላል?» አሉኝ። ካፒቴንን ሳያገኙ!

ሰልጣኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተናል። መጀመሪያ ሳምንት ፎቶና ቀልድ ብቻ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጅቡቲ ያለ አንድ ልጅ «መርከቧ 4:15 ላይ ትገባለች» ብሎ ጻፈ። ደቂቃ ሳይሞላ ከስር ሰባት ሰው አንድ ዓይነት ነገር መለሰለት፦ «በየትኛው ሰዓት?»